የጠላቂው ሁለተኛ ራጅ

ጋምቤላ ክልል በሆነች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በከተማው ሆስፒታል ራጅ አንሺ ነበርኩ። ከደጋ ተመድቤ የመጣሁ ወጣት ሴት ነበርኩ። ማሽኑ ያረጀ ነው፤ የሚሠራውም ጄኔሬተር ሲነሳ ብቻ። ፊልም እንደልብ ስለማይገኝ ዶክተሩ ካላዘዘ አንድም ደረት አላነሳም። ከዲማ ወርቅ ቁፋሮ ወይም ከጎግ እያሳላቸው የሚመጡ ሰዎችን ነበር የማነሳው። ጤነኛ ነኝ ብሎ ራጅ ሊነሳ የመጣ ሰው ያየሁት አንድ ብቻ ነው።

አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው አኙዋክ ነበር። ለብዙ ዓመታት በባሕር ኃይል ጠላቂ ሆኖ ሠርቷል። ባሕር ኃይሉ ሲበተን ተሰደደ፤ በኋላ ወደ ተወለደበት ባሮ ዳር ተመልሶ ዓሣ ያጠምድ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ሥራ ተቋራጭ የባሮን ድልድይ እግሮች ከውሃ በታች ሊያስመረምር መጣ። ይዞት የመጣው ጠላቂ ግን በሳምንቱ በወባ ወድቆ ተመለሰ። ሰዎች ይህን ሰው ጠቆሙት። ተቋራጩም ደስ ብሎት ተቀበለው፤ የጠየቀው ነገር ቢኖር ለመጥለቅ ብቁ ነው የሚል የሐኪም ወረቀት ብቻ ነው።

ዶክተሩ ጆሮውንና ልቡን አየ፤ ጀርባውን በማዳመጫ አዳመጠ። የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ ስላልነበረን ክብሪት ለኩሶ ከፊቱ ራቅ አድርጎ ያዘና አፉን ከፍቶ እንዲያጠፋው አዘዘው። ሰውዬው በአንድ እፍታ አጠፋው። ከዚያ ወደ እኔ ላከው።

«በደንብ ይሳቡ፤ ይያዙት» አልኩት። አነሳሁትና ወደ ፊልሙ ዞርኩ። ስመለስ አሁንም ትንፋሹን እንደያዘ ቆሟል፤ ይተንፍሱ ማለት ረስቼ ነበር።

ፊልሙ ንጹሕ መሰለኝ። አጥቤ ውሃው ሳይንጠፈጠፍ ለሰውዬው አሳየሁት።

«ሌላውስ?» አለኝ።

«የቱ ሌላ?»

«እኛን ሁለት ነበር የሚያነሱን። አንዱን ሳንባችንን በአየር ሞልተን፣ አንዱን ባዶ አድርገን።»

«ዶክተሩ ያዘዘው አንድ ነው። ፊልምም የለንም።»

አልተቆጣም። «እህቴ፣ የሚያስፈራው መውረዱ አይደለም፤ መውጣቱ ነው» አለኝ። «ታች ሆነሽ ከአየር ጠርሙሱ የሳብሽው አየር ስትወጪ ይሰፋል። ሳንባሽ ውስጥ መውጫ ካጣ ይቀድሻል። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ሞቷል። ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ነበር።»

ፊልሙን ይዤ ሄጄ ዶክተሩን ጠየቅሁት፤ እሱም ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፤ ምንም አላገኘበትም፤ ቢሆንም «አንሺው» አለኝ።

በሁለተኛው «ያውጡት፣ ሁሉንም ያውጡት» አልኩት። ፊልሙን ሳጥበው ሳንባዎቹ ተኮማትረው ነጣ ብለዋል። በቀኙ ላይኛ ጫፍ ግን ሎሚ የምታህል ጥቁር ክብ ቀርታለች። የተቀረው ሁሉ ሲተነፍስ እሷ አልተነፈሰችም። ያን ጊዜ ከዶክተሩ ጋር የመጀመሪያውን ፊልም መልሰን አየነው፤ የክቧን ዙሪያ የምታሳይ ቀጭን መስመር ነበረች፤ ሁለታችንም አልፈናታል።

«ሳንባዎን ታመው ያውቃሉ?» አለው ዶክተሩ።

«ስደት ላይ ዓመት ሙሉ አስሎኛል። መድኃኒት ሰጡኝ፤ ዳንኩ።»

አክታው ለቲቢ ሦስት ቀን ተመረመረ፤ ምንም አልተገኘበትም። «በሽታው ድኗል፤ አየር ይዞ የማይለቅ ክፍተት ግን ትቶብዎታል። ልፈርምልዎት አልችልም» አለው ዶክተሩ።

የተቋራጩ ተወካይ አብሮ ተቀምጦ ነበር። ወንዙ ሳይሞላ ሥራው ማለቅ ስላለበት ተጨንቋል። «የመጀመሪያው ፊልም ደህና አይደል? እሱን ብቻ አያይዙልን» አለ።

ዶክተሩ መልስ ሳይሰጥ ሰውዬው ቀደመው። «አይሆንም። ሁለተኛውን አንሱኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም። እኔ ግን ምነው ባላነሳሁት ብዬ እንደነበር አልደብቅም። ለዓመታት የሠራበትን ሙያ መልሶ ሊያገኝ አንድ ፊርማ ቀርቶት ነበር፤ ያስቀረበት የእኔ ፊልም ነው።

ተወካዩ ተነስቶ ሊወጣ ሲል ሰውዬው አብሮት ያገለገለ ጠላቂ አዲስ አበባ እንዳለ ነገረው፤ ሰፈሩንም በወረቀት ጻፈለት። ያ ጓደኛው በአሥር ቀን ውስጥ መጣ። ሁለቱንም ፊልም አነሳሁት፤ ምንም አልነበረበትም። ሥራው ሲጀመር ዕረፍቴ ነበርና ወንዙ ዳር ሄጄ አየሁ። ጓደኛው ይወርዳል፤ የእኛው ሰው ጀልባ ላይ ተቀምጦ ገመዱን ይዟል። አንድ ጊዜ ሲሳብ እንዲህ፣ ሁለት ጊዜ ሲሳብ እንዲያ እያለ ጠላቂው ከውሃው ሥር በገመዱ የሚልከውን ወሬ ለተወካዩ ይነግረዋል። ፊቱን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ከገመዱ ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረም።

በሳምንቱ ሚስቱ ራጅ ክፍል ድረስ መጣች። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች ነበር የምትናገረው።

«ምን አየሽ? ይሞታል?»

«አይሞትም። በአየር ጠርሙስ እንዳይጠልቅ ነው።»

«ዓሣ?»

«ዓሣ ያጥምድ። ጀልባም ይቅዘፍ።»

አሰበች። «ይህን ጻፊ» አለችኝ። «ከተማ ሌላ ኩባንያ ሲመጣ ሊጠልቅ ይሄዳል። እኔ ስናገር አይሰማም፤ ማኅተም ይሰማል።»

ወደ ዶክተሩ ወሰድኳት። ሳቀና ጻፈላት፤ አዲሱን የክልሉን ማኅተምም መታበት። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ወደ መቲ ከተማ እስከተዛወርኩበት ጊዜ ድረስ ሰውዬውን ጀልባው ላይ አየው ነበር፤ አንዳንዴም ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ ሆስፒታል በር ላይ ይተውልኝ ነበር።