የሰመጠው መርከብ ጥላ

ነንጋ ሱከርቲ የተጠቀለለ ጨርቅ አናቷ ላይ ታደርግና በላዩ ባሕር ሊጠልቁ የሚመጡ እንግዶችን የአየር ሲሊንደር ትሸከማለች። አንዳንዴም ሁለት። በባሕር ዳር መንደሯ በቱላምበን ከመንገዱ እስከ ባሕሩ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው፤ ጥቁር፣ ክብ፣ ከእግር ሥር የሚንከባለል። ሠላሳ ዓመት ስትመላለስበት አንድም ቀን ቁልቁል አላየችም። ድንጋዩን የምታየው በእግር ጣቶቿ ነው። ዛሬም ባየኋት ቁጥር እገረማለሁ።

ሰዎቹ የሚጠልቁት የድሮ መርከብ ለማየት ነው። በጦርነት ተመትቶ እዚሁ ዳርቻ ላይ ወጥቶ ቀርቶ ነበር፤ የነንጋ እናት በልጅነቷ ፍየሎቿን ጥላው ሥር ታሳርፍ ነበር። ኋላ ከመንደሩ በላይ ያለው ተራራ እሳት ሲተፋ ምድር ተንቀጥቅጣ ወደ ባሕር ገፋችው። እናቷ እስክትሞት ድረስ፣ ጥላው ሥር ያልቆመ ሰው መርከቡን አየሁ አይበል ትል ነበር። ነንጋ እዚያ ጥላ ሥር መቆም ትፈልጋለች። ሌላ ምኞት ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።

የጠለቃ አስተማሪው ዊርታ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ሊያስተምራት ሦስት ጠዋት ሰጣት። በአራተኛው ቀን ለሥራ ወደ ሌላ ደሴት ይሄዳል። ሁለቱ ጠዋቶች በከንቱ አለፉ።

ፍርሃት አይደለም የያዛት። ውሃ ውስጥ መጋደም አቃታት። ዊርታ በሆዷ ሊያስተኛት እግሯን ሲያነሳ፣ አንገቷ ቀጥ ይላል፤ እግሮቿም ተመልሰው ድንጋይ ይፈልጋሉ። አንድ እጇ ደግሞ ወደ አናቷ ይሄዳል፣ የሌለውን ሲሊንደር ሊደግፍ።

በሦስተኛው ጠዋት ለመባ አበባና ሩዝ በቅጠል አድርጋ ድንጋዩ ላይ አኖረችና ሲሊንደር በጀርባዋ አዝላ ገባች። እንደገና ቆመች። እንደገና።

«እትዬ ነንጋ፣ እባክዎ ይተኙ» አላት ዊርታ ብቅ ሲሉ። «ዓሣ ቆሞ ይሄዳል?»

«ዓሣ ተሸክሞ አያውቅም።»

አብራት የምትሸከመው ሳሲህ ከዳር ሆና፣ «አልጋም ላይ ቆማ ነው የምታድረው፣ ባሏን ጠይቀው» አለች። ሌሎቹ ተሸካሚ ሴቶች ሳቁ። ነንጋ ግን ውሃውን በመዳፏ መታችው። ከመንገዱ በኩል የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ፤ እንግዶቹ ደርሰዋል። ዊርታ ሰዓቱን አየ።

«አታስተኛኝ» አለችው። «የሚያሰምጠውን እርሳስ ጨምርልኝና በእግሬ ልሂድ። መሄድ አውቃለሁ።»

እንዲህ ተደርጎ አይጠለቅም። ዊርታ ግን ወገቧ ላይ እርሳስ ጨመረና ክንዷን ይዞ ወረደ። በባዶ እግሯ ድንጋዩን አልፋ አሸዋ ረገጠች። እንደ ቅርንጫፍ የበቀለው ኮራል በጎኗ፣ ዓሦቹ በፊቷ አለፉ፤ አልዞረችም። ሌላው ጠላቂ መርከቡን ከላይ ተንሳፍፎ ያየዋል፤ እሷ እንደ እናቷ ቆማ፣ ከፊቷ እንደ ገደል ሲነሳ አየችው። ያኔ ከውሃው ግፊት ጆሮዋ ተወጋ። እጇን ወደ ጆሮዋ ስትሰድ ዊርታ ወደ ላይ አመለከተ። እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። አልሰማትም፤ ይዟት ወጣ።

ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እግሮቿን በጨርቋ አደረቀች።

«እህ፣ አየሽው?» አለች ሳሲህ፣ አሁን ሳትስቅ።

«ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ አወጣኝ።» ጨርቋን ጨምቃ ጠቀለለች። «እግሬን በርዶኝ ነበር። ጥላው እግሬ ላይ ደርሷል። ራሴ ላይ ነው ያልደረሰው።»

ጨርቁን አናቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ የእንግዶቹን ሲሊንደር ልታመጣ ወደ መንገዱ ወጣች።