በወተት መኪና የሄደ መርዶ

ሳዑዲ፣ ጂዛን ላይ ዕድሜዬን የበላው ብርድ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። አገሩ እቶን ነው፤ የእኔ እንጀራ ግን በረዶ ነበር። መጀመሪያ የዶሮ ካርቶን ጫኝ፣ ቀጥሎ ሾፌር፣ በኋላም የማቀዝቀዣ መኪኖች ስምሪት ኃላፊ ሆኜ፣ ወተትና እርጎ ከባሕሩ ዳር እስከ ድንበሩ ተራሮች ሳዳርስ ኖርኩ። የፋራሳን ደሴቱ መኪና ጀልባ ላይ ይሳፈራል፤ ወደ ፈይፋ ተራራ ከትንሽ መኪና በቀር አይሞከርም፤ የአል-ዓሪዳ መንገድ ደግሞ ጎማ ይበላል። ሥራዬ ጭቅጭቅ ነበር። በር ከፍታችሁ ወሬ አታውሩ፣ ነዳጅ ልቆጥብ ብላችሁ ማቀዝቀዣውን አታጥፉ፣ ወተት እንደ አማት ነው፣ ትንሽ ችላ ካሉት ይኮመጥጣል እያልኩ ስጮህ የምውል ሰው ነበርኩ።

መኪኖቼ የማይደርሱበት መንደር ስላልነበረ የአገሬ ሰው ሌላ ሥራ ደረበልኝ። ወሎ ወይም ጎንደር ሰው ሲሞት፣ ልጁ እዚህ ተራራ ላይ ፍየል የሚጠብቅ ወይም ሰው ቤት የምትሠራ ከሆነች፣ ቤተሰቡ የእኔን ስልክ አፈላልጎ ያገኛል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። በማለዳ፣ የሚያለቅስ ሰው ይዞ ተሂዶ ነው። ይህን ያልጠበቀ ዕድሜ ልኩን ይወቀስበታል። ስለዚህ ሰው እይዝና ከወተቱ ጋር እወጣለሁ። ነገሩ ቀስ በቀስ ታወቀ። ሾፌር ከመኪና ሲወርድ የሚስቅ ሰው፣ እኔ ስወርድ ፊቱ ይጠቁራል። አንድ የወሎ እረኛማ፣ ጎማ ለማየት አል-ዓሪዳ ብወርድ፣ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ “ማንን ነው?” አለኝ። ማንንም አይደለም ብዬ፣ ምዬ ተገዝቼ ነው ያስነሳሁት። ሾፌሮቹ ሲስቁበት ከረሙ፤ እኔን ግን ከፋኝ። ሰው ሲያየኝ ደስ ቢለው እወድ ነበር።

ከሁሉም የማትረሳኝ የፈይፋዋ ልጅ ናት። ከደሴ ወዲያ የመጣች ክርስቲያን ናት። አሠሪዋ ወተት የምናስረክበው ትንሽ ሱቅ አለው፤ መኖሪያቸው ከሱቁ በላይ ነው። አንድ ቀን እህቷ ከአገር ቤት ደወለችልኝ። እናታቸው ክረምቱ ሲገባ አርፋለች። ለልጅቷ እስካሁን ጸበል ገብታለች እያሉ ነው የያዟት። አሁን ግን አንዱ ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር ብሎ ሳይለጥፍባት ድረስላት አለችኝ። አደራ፣ ብቻዋን እንዳትሰማው ብላ ለመነችኝ።

የእናት ለቅሶ ደግሞ የሚያስለቅስ ሴት ይፈልጋል፤ እኔ አንድ ወንድ፣ ያውም እስላም፣ ምን እላታለሁ? ጂዛን ከተማ በወጥ ቤትነት የምትሠራ ጠና ያለች የጎንደር ሴት ነበረች፤ ስነግራት አሠሪዎቿን አስፈቅዳ እሺ አለችኝ። ልጅቷ ገና ስታየን እንዳትጠረጥር ጥቁር አትልበሺ ልላት ነበር፤ እዚህ አገር ሴቱ ሁሉ ጥቁር ለባሽ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ኬላ ላይ አንድ ወታደር ሴትዮዋ በወተት መኪና ምን ትሠራለች ብሎ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ ኢቃማችንን ተቀበለን። የአንዲት ልጅ እናት ሞታባት ልንነግራት ነው አልኩት። ስልክ የላትም ወይ አለኝ። አላት አልኩ። ታዲያ ለምን አትደውሉም አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን በዓረብኛ ሾፌር ስሰድብና ከባለሱቅ ጋር ስከራከር ኖሬ፣ ለዚህ መልስ የሚሆን ዓረብኛ አጣሁ። አዝኖልን ይሁን ሰልችተነው፣ ያላ ብሎ አሳለፈን።

ማዳሟ፣ የባለሱቁ ሚስት፣ ክፉ ሴት አልነበረችም። ነገሩን ስነግራት ደረቷን ያዘች፤ ከሱቁ ጀርባ ካለው መጋዘን ጠብቁ፣ ልጅቷን እልክላችኋለሁ፣ ዕቃው ወርዶ እስኪያልቅ አብራችሁ ተቀመጡ አለች። የእናት ለቅሶ ወጉ ሦስት ቀን መቀመጥ ነው፤ የእኛ ጭነት ደግሞ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ሾፌሩን ጠርቼ አንድ አንድ ካርቶን እየያዝክ አውርድ፣ አትቸኩል አልኩት። የመኪናውስ በር አለኝ። ክፍቱን ተወው ስለው ያመመኝ መስሎት ዓይን ዓይኔን አየኝ።

ልጅቷ የምታሳድገውን የቤቱን ሕፃን አስተኝታ ወረደች። እኔንም ሴትዮዋንም አየች። ባዶ የወተት ሳጥን ስባ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ማለዘቢያ ነገር ልትጀምር አፏን ስትከፍት፣ ልጅቷ ቀደመቻት።

“አውቄያለሁ እኮ፣ ጋሼ። ክረምቱን ሙሉ ጸበል የሚቀመጥ ማን አለ?”

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

“ብቻዬን ብጀምረው ማን ያስቆመኛል? ሰው እስኪመጣ ብዬ ነው የያዝኩት።”

ከዚያ ለቀቀችው። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። ሴትዮዋ አቅፋት አብራት አለቀሰች፤ እሷም የእናቷን ሞት እዚሁ ሰምታ ያልቀበረች ናትና ማን ለማን እንደሚያለቅስ ጠፋኝ። እኔ ፊቴን ወደ ካርቶኖቹ አዙሬ አነባሁ። የአል-ዓሪዳ ባለሱቆች ወተቱ የት ደረሰ እያሉ ይደውላሉ፤ ስልኬን ዘጋሁት። ወጋችን እንደሚለው፣ አልቃሽ ሲደክም ታላቅ የሆነ ሰው እጇን ይዞ በቃሽ ይላታል። ካርቶኑ እያለቀ ነበርና ሴትዮዋን አየኋት። ራሷን ነቀነቀች።

“እኔስ አልላትም። ይውጣላት” አለችኝ።

እኔም ልላት አልቻልኩም። ማዳሟም አልተጣራችም። በዚህ መሃል ፎቅ ላይ ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። ልጅቷ አፏ ላይ የነበረውን “እማዬ” ሳትጨርስ ተነሳች። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፤ መጣሁ፣ ጠብቁኝ ብላን ደረጃውን ወጣች።

ጠበቅናት። ሾፌሩ የመጨረሻዋን ካርቶን አውርዶ ከእኛ ጋር ቆመ። አልተመለሰችም። በዚያው በለቅሶ በሻከረ ድምፅዋ፣ ልጁን በዓረብኛ አይዞህ እያለች ስታባብለው ሰማናት።