ወረፋ የሌለበት ማክሰኞ

የምሠራበት ጤና ጣቢያ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከገበያው አጥር ጋር ተያይዞ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አህዮቹ በራችን ላይ ይታሰራሉ፤ በርበሬና ጤፍ ይዘው የወጡ ሴቶች ደግሞ ለሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ይሰለፋሉ። ነርስ ነኝና ያን ሰልፍ አሳምሬ አውቀዋለሁ። የብዙዎቹ ባሎች ሚስቶቻቸው ገበያ መውጣታቸውን እንጂ እኔ ዘንድ ጎራ ማለታቸውን አያውቁም። ቅዳሜ ደግ ቀን ነው፤ «የት ዋልሽ?» የሚል የለም።

ከእነሱ አንዷን አልረሳትም። የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ደግማ ብታረግዝ ለሕይወቷ እንደምንሰጋ ነግረናታል። ባሏ ግን «እግዜር የሰጠውን ማን ይከለክላል?» ባይ ነው። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን መከላከያማ ባሏ ዳስሶ ያገኘዋል ብላ ፈራችው። የቀራት መርፌው ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ አጥኚዎች መጡልን። ንጹሕ ጫማ፣ ታብሌት፣ ትሕትና፤ ምንም አልጎደላቸውም። ሴቶቹን አንድ በአንድ እየጠሩ «በአገልግሎቱ ምን ያስቸግርዎታል?» አሏቸው። የጎጃም ሴት ለእንግዳ ገመናዋን አትዘረግፍም፤ እንግዳን ባዶ እጁን መሸኘትም ነውር ነው። ስለዚህ የእኔዋ ሴት አንገቷን ደፍታ፣ «ኧረ ምንም አይል፤ ወረፋው ብቻ ትንሽ ረዘም ይላል» አለች። ሌሎቹም ያንኑ ደገሙት።

ለአጥኚዎቹ ሲሳይ ወረደላቸው። ፍኖተ ሰላም አዳራሽ ተጠርተን፣ ሻይ በሳምቡሳ እየተጋበዝን ግኝቱን ሰማን። ችግሩ የቅዳሜ መጨናነቅ ነው፤ መፍትሔው መርፌውን ወደ ማክሰኞ ማዛወር። እጄን አውጥቼ «ለምን ቅዳሜ እንደሚመጡ ጠይቃችኋቸዋል?» አልኩ። «እሱ እንኳ ከጥናታችን ወሰን ውጭ ነው፣ ሲስተር» አሉኝ ፈገግ ብለው። ተጨበጨበ። አለቆቻችንም ጥናት የማያከብሩ እንዳይባሉ ወዲያው አጸደቁት።

ማክሰኞ ሲደርስ ወረፋው እውነትም ጠፋ። ሰውም አብሮ ጠፋ። ሪፖርቱ ላይ «ተገልጋዮች ያለ ምንም መጠበቅ ይስተናገዳሉ» ተብሎ ተጻፈ፤ ውሸት የለበትም፤ የሚጠብቅ ሰው የለማ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የእኔዋ ሴት ግን እንደ ልማዷ ቅዳሜ መጣች። የመድኃኒቱ ክፍል ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ኃላፊ ስለ አዲሱ አሠራር ሊሠለጥን ባሕር ዳር ሄዷል። «ማክሰኞ ነይ» አልኳት።

«ማክሰኞ ምን ገበያ አለና ልውጣ ሲስተር? ምን ብዬ?»

በርበሬዋን ተሸክማ ሄደች።

ከወራት በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳለ በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት። ሆዷ ገፍቷል። ባሏ ጃንጥላዋን ይዞላት ከኋላዋ ኮራ ብሎ ቆሟል። ለእርግዝና ክትትል ነው የመጣችው፤ ለዚህማ ገበያ ማመካኘት አያስፈልግም።

ወንበር ሳብኩላት። ቀና ብላ አየችኝና «ዛሬስ ወረፋ የለም አይደል፣ ሲስተር?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠመጠምኩ።