በመጨረሻው ገጽ ላይ በግራ እጄ የጻፍኩት

በሱቄ አንድ ደንብ አለ። ለሚከራይ መጽሐፍ ሁሉ፣ ከኋላ ሽፋኑ በፊት አንድ ነጭ ወረቀት በሙጫ እለጥፋለሁ። አንብቦ የጨረሰ ሰው የተሰማውን እዚያ ላይ ይጽፋል። ስም አይጻፍም፤ ሌላው የጻፈውን መሰረዝ አይቻልም፤ ባለሱቋም አትጽፍም። ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ያፈረስኩትም እኔው።

ሱቄ ፒያሳ ነው፣ ከጊዮርጊስ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከፈረሳው በተረፈ አንድ አሮጌ ፎቅ ሥር። መጽሐፍ ማከራየት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰው አሁን በስልኩ ነው የሚያነበው ይሉኛል፤ ያንብብ። ስልኩ ላይ ግን ከእሱ በፊት ያነበበው ሰው ምን ላይ እንደተናደደ፣ ምን ላይ እንዳለቀሰ አያገኝም። እኔ ጋ ያገኛል። ደንበኞቼ መጽሐፉን ከማንሳታቸው በፊት ከኋላ ገልጠው ገጹን ነው የሚያነቡት።

እኔም አንድ ልብ ወለድ አሳትሜ አውቃለሁ። መደርደሪያው ላይ አለ፣ በላስቲክ እንደተሸፈነ፣ እንደ አዲስ። አዲስ የመሰለው ተጠንቅቀውለት አይደለም። በሃያ ዓመት ውስጥ የመጨረሻው ገጹ ላይ አራት ሰው ጽፏል። አንዱ «ፊደሉ ደቀቀብኝ» ይላል። ሁለተኛው «መሀል ላይ ተውኩት፣ ግን ጥሩ ነው» ይላል። ሦስተኛው የስልክ ቁጥር ነው፤ ሰውየው ወረቀት ቸግሮት ይሆናል። አራተኛው «በርቺ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ሌላ መጽሐፍ አልጻፍኩም።

አምና ታዲያ ልጅቷ መጽሐፏን ይዛ መጣች።

ልጅቷ የምላት ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፣ አምስት ኪሎ አስተማሪ ናት። ለእኔ ግን ልጅቷ ናት። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከትምህርት ቤት መልስ እዚህ ትገባና በርጩማው ላይ ተቀምጣ በነጻ አንብባ ትሄድ ነበር። ሰው ሲጠፋ ወሬ እነግራት ነበር። አብዝቼ የምነግራት ስለ አረቡ ቤት ነው። አረቡ የምንለው የልጅነት ጎረቤታችን ነው። ከየመን በወጣትነቱ መጥቶ፣ እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ ወልዶ፣ ከቤታችን ጎን ሱቅ ከፍቶ ኖሮ፣ እዚሁ የሞተ ሰው። ስኳር፣ ላምባ፣ ሻማ፣ የልብስ ስፌት ክር፣ ያልነበረው ነገር አልነበረም። ስኳር ሲመዝን ያንጎራጉራል። የተላክነውን ገዝተን ስንወጣ ሳንጠይቀው ከረሜላ ይመርቅልናል። ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነግሬያታለሁ፣ አንድ ጊዜ አይደለም፣ መቶ ጊዜ። ሁልጊዜ የምጨርሰውም «አንድ ቀን እጽፈዋለሁ» ብዬ ነው። እሷም «ይጻፉት እንጂ እትዬ» ትለኝ ነበር።

እኔ ስል ስል እሷ ጻፈችው።

መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው ይላል ሽፋኑ፤ ሲያነቡት ግን ግጥም ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ ፒያሳ ላይ ሱቅ የከፈተ አንድ ሰው፣ ሚስቱና ልጆቹ፣ የማይሄዱበት አገራቸውና የማይቀበላቸው ሰፈራቸው። ስታመጣልኝ እቅፍ አድርጌ ሳምኳት፤ እሰይ የኔ ልጅ አልኳት። እውነቴን ነበር እስከ ሦስተኛው ገጽ ድረስ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «አባቴ የአገሩን ስም የሚጠራው ስኳር ሲመዝን ብቻ ነበር» የሚል አገኘሁ። መጽሐፉን ዘግቼ ተነሳሁና ያልቆሸሸውን ባንኮኒ ወለወልኩ። እኔ ያንን ነገር ዕድሜ ልኬን ሳወራው «ያንጎራጉር ነበር» ከማለት አላለፍኩም። ከእኔ አፍ ወስዳ እኔ የማልደርስበት ቦታ አስቀምጣዋለች። ሌብነቱ ሳይሆን ማማሩ ነው ያንገበገበኝ፤ ይህን ግን ያኔ ለራሴም አላመንኩም። ያኔ ያልኩት «ሰረቀችኝ» ነው።

አንድ ምዕራፍ ደግሞ አለ፣ ከእኔ ያልሰማችው። ስለ አንዲት የጎረቤት ልጅ ነው። ለጊዮርጊስ ንግሥ ቀን የባለሱቁን ሴት ልጅ ጸጉር ሹሩባ ሠርታ፣ ሁለቱም የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሌሎቹ ልጆች «ይቺ አረብ ከማን ጋር ናት?» ብለው ሲጠይቁ የጎረቤቷ ልጅ እጇን ታስለቅቅና «አላውቃትም» ትላለች። በማግስቱ ክር ተልካ ሱቁ ስትመጣ፣ አባትየው ምንም ሳይናገር እንደወትሮው ከረሜላዋን ይመርቅላታል። ያን ምዕራፍ አንዴ አነበብኩት፤ ሁለተኛ አልደገምኩትም። ፈጠራ ነው አልኩ።

መጽሐፉን ላስቲክ አልብሼ፣ ነጭ ወረቀቱን ለጥፌ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ልጅቷ አንድ ነገር ለመነችኝ። «አዳራሽ ውስጥ የሚያጨበጭብ ሰው ፊት ለፊቱ ስለሆንኩ ነው የሚያጨበጭበው። የእርስዎ ገጽ አይዋሽም። ሲሞላ ይደውሉልኝ፤ እስከዚያ አላየውም» አለችኝ። እሺ አልኳት። ለእሷ ከሁሉም የሚበልጠው ፍርድ በእኔ እጅ ነው ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ገጹ ግን በሁለት ወር ግማሽ ደረሰ። አንዱ «እናቴ ከገጠር መጥታ የሰው ቤት ያደገች ናት፤ ሳነብላት ‹ይሄ እኮ እኔ ነኝ› አለች» ብሎ ጻፈ። አንዷ «የስኳሩን ዓረፍተ ነገር ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ» አለች። ሌላው «አረብ ሱቅ እያልን ያለፍንበት ቤት ውስጥ ሰው እንደነበረ አሁን ገባኝ» አለ። «የበሩ ላይ ምዕራፍ ጊዮርጊስ ባለፍኩ ቁጥር ይታወሰኛል» ያለችም አለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ተባረኪ» ብቻ ብለው ነው የጻፉት። የእኔን መጽሐፍ ያነበቡ ሰውዬ ናቸው። መልሰው ሲሰጡኝ «ደህና ነው» ነበር ያሉኝ።

እርር ድብን አልኩ። ማታ ማታ ሱቁን ስዘጋ ገጹን ገልጬ አያለሁ፤ ጠዋት ስከፍትም አያለሁ፣ ሌሊት የሚጽፍበት ሰው ያለ ይመስል። አምስት ኪሎ ውይይት ሲያዘጋጁላት ሄድኩ፣ ከኋላ ተቀመጥኩ። አንድ ወጣት ተነስቶ «ይህን ሁሉ ከየት አመጡት?» ሲላት ቀና አልኩ። አሁን ትጠራኛለች አልኩ። ነጠላዬን ሁሉ አስተካከልኩ፣ ተነሽ ብባል ብዬ። «ካሳደጉኝ ሰዎች» አለች። ሰዎች። በብዙ ቁጥር። ከዚያ ሲያጨበጭቡ እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄን እስኪያመኝ ነው ያጨበጨብኩት፣ ከብስጭት።

በማግስቱ ሱቄን ከፍቼ፣ ማንም ሳይገባ፣ እስክሪብቶውን በግራ እጄ ያዝኩ። የቀኝ እጄን ጽሑፍ ደንበኞቼ ሁሉ ያውቁታል። እንደ ሕፃን እያንጋደድኩ እንዲህ ጻፍኩ፤ «ይህ ታሪክ የተሰረቀ ነው። ያልተሰረቀው ደግሞ ውሸት ነው፤ የበሩ ላይ ልጅ የምትባል አልነበረችም።» ከዚያ መጽሐፉን ቦታው መልሼ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው ማኪያቶ አዘዝኩ።

ወዲያው ጉድ ፈላ። ከሥሩ አንዱ «ምቀኛ» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ከማን እንደተሰረቀ ካልነገሩን ዝም ይበሉ» አለ። ሦስተኛዋ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ስትል ደስ አለኝ፤ ከዚያ «ይህን የመሰለ ነገር ከአንድ ሰው ጭንቅላት አይወጣም» ብላ ጨረሰችው፣ ለካስ እያደነቀቻት ነው። የባሰው ግን ሌላ ነው። ወሬውን የሰማ ሁሉ የሰረቀችውን ለማየት ብሎ መጽሐፉን ይከራይ ጀመር። ተመዝግቦ ተራ የሚጠብቅ ሰው መጣ። እኔው በገዛ እጄ፣ ያውም በግራዬ፣ አነገሥኳት።

ከተከራዮቹ አንዷ ሻሽ ያሰረች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ነበረች። መልኳ አዲስ አልሆነብኝም፤ ግን እዚህ ሰፈር ለእኔ መልኩ አዲስ የሚሆን ሰው የለም። «ደህና ነሽ?» አለችኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። ትንሽ ቆመች፣ አንድ ነገር ከእኔ የምትጠብቅ ይመስል አየችኝ፣ መጽሐፉን ይዛ ወጣች። በሳምንቱ አርብ መልሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝና «ጽፌበታለሁ። ቦታው አልቋል» አለች። ደህና ዋይ ብላኝ ሄደች።

ገለጥኩት። የገጹን ታችኛ ክፍል በሙሉ ይዛዋለች።

«ከማን ነው የተሰረቀው? የእኛ ቤት ታሪክ ነው። ደራሲዋ ሁለት ዓመት እቤቴ እየተመላለሰች ጠይቃኛለች፤ አባቴን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ስኳር ሲመዝን ይል የነበረው የተወለደበትን መንደር ስም ነው፤ ሰው ማንጎራጎር ይመስለው ነበር። ልጅቷም ነበረች። ጸጉሬን ሠርታኝ ነበር፣ አሳምራ። በሩ ላይ አላውቃትም አለች። ይህን መጽሐፍ ስከራይም ፊት ለፊቷ ቆሜ አላወቀችኝም። አልተቀየምኳትም። ግን አልነበረችም አትበሉ።»

ቁጭ አልኩ። እውነቱን ልናገር። ያን ቀን ጊዮርጊስ በር ላይ እጄን እንዴት እንዳስለቀቅኩት አልረሳሁም ነበር፤ ለማንም ሳልናገረው ነው የኖርኩት። የአረቡን ቤት ለልጅቷ መቶ ጊዜ ሳወራላት መቶ ጊዜ ዘልዬዋለሁ። ለዚህም ነው መጽሐፉን ያልጻፍኩት መሰለኝ፤ እዚያ ጋ ስደርስ እጄ ይቆማል። ሰውየው ደግሞ ከጎናችን ያን ያህል ዘመን የመንደሩን ስም ሲጠራ ኖሮ፣ አንድ ቀን እንኳ «ምንድን ነው የሚሉት?» ብዬ ጠይቄው አላውቅም። የእሱ ሱቅና የእኛ ቤት የነበሩበት ቦታ ዛሬ ሣር የተተከለበት የመንገድ ዳር ነው። ልጁ በአንድ እርምጃ ርቀት ቆማ ደህና ነሽ ስትለኝ እንደማንኛዋም ደንበኛ ነው የሸኘኋት።

ከዚያ ግን ማሰብ የጀመርኩት ስለ ራሴ ነው፤ አመሌ ነው። ገጹ ሞልቷል። ቃል ገብቻለሁ፣ መደወል አለብኝ። ልጅቷ መጥታ ታነባለች፤ የግራ እጄን አንብባ የሴትዮዋን ስታነብ ደግሞ ያለቀልኝ ጊዜ ነው። በርጩማዬ ላይ ተቀምጣ ያደገች ልጅ ሁለተኛ ደጄን አትረግጥም። ምላጭ አወጣሁ። ወረቀቱ በሙጫ የተለጠፈ ነው፣ ሳይታወቅ ይላቀቃል። ውሃ ፈሰሰበት እላታለሁ። ምላጩን ጠርዙ ላይ አሳረፍኩና የሽማግሌውን «ተባረኪ» አየሁ፤ እሱም አብሮ ሊሄድ ነው። ምላጩን መለስኩና ደወልኩላት።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት መጣች። መጽሐፉን ሰጠኋት። ቆማ አነበበች፣ ከላይ ጀምራ፣ ሳትቸኩል። ስኳሩን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ ያለችው ጋ ፈገግ አለች፤ ቅናቴ እዚያም ሆኖ ቆነጠጠኝ፤ ነውር የለውም። ተንጋዶ የተጻፈው ጋ ስትደርስ ፈገግታዋ ጠፋ። ሁለቴ አነበበችው። የሴትዮዋንም እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ ጣቷን የእኔ ጽሑፍ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

«እትዬ፣ ይህን የጻፈችውን ሴት ያውቋታል?»

አላውቃትም ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ያንን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አሳምሬ እችለዋለሁ።

«አውቃታለሁ» አልኳት። «እኔ ነኝ። በሩ ላይ የነበረችውም እኔ ነኝ።»

ጣቷን ከጽሑፉ ላይ አነሳች። የምትወጣ መስሎኝ በሩን አየሁ። ቦርሳዋን በርጩማው ላይ አስቀመጠችና «በሩ ላይ የነበሩት እርስዎ እንደሆኑ ስጽፈውም አውቄ ነበር» አለች። «ከታች የጻፉት እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ስምዎትን አደራ እንዳትጽፊ ብለውኝ ነው። አዳራሹ ውስጥም ያልጠራሁዎት ለዚያ ነው።» መጽሐፉን ዘግታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። «ሰረቀች ይሉኛል ብዬ ግን አልጠበቅኩም፣ ከእርስዎ።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። የመጨረሻውን ገጽ መልሳ ገለጠችና «ሙጫ አለዎት?» አለችኝ። አዲስ ነጭ ወረቀት ቆርጬ፣ ከሞላው ገጽ ቀጥሎ ለጠፍኩ። እስኪደርቅ ሁለታችንም እሱን ስናይ ቆየን። ከዚያ እስክሪብቶዋን አውጥታ ሰጠችኝ።

«የቀኝ እጅዎስ ምን ይላል?»

ብዙ ዓረፍተ ነገር አሰብኩ። እንደሷ የሚያምር ፈልጌ ነበር፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፤ አልመጣልኝም። ዛሬም እቀናባታለሁ። ደንበኞቼ ሁሉ በሚያውቁት እጄ፣ በአዲሱ ገጽ አናት ላይ «ልጅቷ ነበረች፤ አውቃታለሁ» ብዬ ጻፍኩና፣ ደንቤን ዳግም አፍርሼ ስሜን ከሥሩ አኖርኩበት።