ጠመኔው ይወድቃል፣ ኢንሻአላህ

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር የሰው ስህተት ማግኘት ደስ ይለኛል። ባለቤቴ «አንቺ ገነት ብትገቢ መጀመሪያ የበሩን ስፋት ትለኪያለሽ» ይለኛል። መርሳ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክሱ መምህር ሥራውን እንድፈትሽለት የመረጠኝም ለዚሁ ጠባዬ ነው።

እሱ የውርጌሳ ልጅ ነው። ዝምተኛ፣ ሶላቱን የማያዛንፍ፣ ሻይ ሲያማስል ሐሳብ ይዞት ሻዩ የሚቀዘቅዝበት ሰው። ተማሪ ሲወጣ ባዶ ክፍል ገብቶ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ሲጨርስ ያጠፋዋል። ወረቀት ላይ አያሰፍረውም። የሚፈልገውን ሲነግረኝ ቀላል ነገር መሰለኝ። መጽሐፉ ድንጋይ ወደ መሬት እንደሚወድቅ፣ ብርሃን ይህን ያህል እንደሚፈጥን፣ ኃይል እንደማይጠፋ ይነግረናል። እሱ ግን «ማን አዘዛቸው?» ይላል። ሕጎቹን ሁሉ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ነበር የተነሣው። ዓረፍተ ነገሯም ይቺ ነበረች፦ በምንም የማይለያዩ ሁለት ነገሮች ሁለት አይደሉም፣ አንድ ናቸው።

«በቃ?» አልኩት።

«በቃ። ሌላ ምንም አልጨምርም።»

ሳቅሁበት። ከዚህ ምን ሊወጣ ነው ብዬ። ግን ነገሮች እንዲለያዩ ስፍራ ያስፈልጋል አለና ስፍራን አወጣ፤ አንድ ነገር ከትናንት ራሱ እንዲለይ ጊዜ ያስፈልጋል አለና ጊዜን አወጣ። ከዚያ ወደ ቀመር ገባ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ በየመስመሩ እየተከራከርኩ አስቆመዋለሁ፤ እሱ ይመልሳል። ለሳምንታት እንዲህ ስንጨቃጨቅ ቆይተን አንድ ቀን ስበት ራሱ፣ ያ ከልጅነታችን ጀምሮ በቃል ያጠናነው ቀመር፣ ከሰሌዳው ግርጌ ብቅ አለ። ስህተት ፍለጋ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ቀጥሎ የመጣው ነው ክፉው። አንድ ከሰዓት መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ይቺ ቁጥር ዜሮ መሆን ነበረባት» አለኝ። «አልሆነችም።»

«ባትሆን ምን ይመጣል?»

«ዜሮ ብትሆን ሕጎቹ ለዘላለም ይጸናሉ። ካልሆነች ይላላሉ። እንደ ቋጠሮ ነው። ይላላል፣ ይላላል፣ ላየው ሰው ምንም አልሆነም፤ ከዚያ ባንዴ ይፈታል።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ስበቱም፣ ብርሃኑም። ይሄን ጠረጴዛ ጠረጴዛ አድርጎ የያዘውም።»

«መቼ?»

«መቼነቱ ከቀመሩ አይወጣም።»

«አታሟርት!» ብዬ ጮህኩበት። ጮኼ አላውቅም ነበር፣ እንዲያ። ሰው ክፉ ነገር በአፉ ከጠራው ይመጣል ብላ ያሳደገችኝ እናቴ ናት በአፌ የተናገረችው። እሱ ሰሌዳውን ቀስ ብሎ አጠፋ።

ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ዓመታት ጠብቀን ያገኘነው የመጀመሪያ ጽንስ ስለሆነ ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። እንግዲህ ለእኔ ጥያቄው የፊዚክስ አልነበረም፤ ልጄን የማስቀምጥበት ምድር ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚል ነበር። በዚያ ላይ እኛ የመርሳና የሐብሩ ሰዎች የሚጸና የመሰለን ነገር ባንድ ሌሊት ሲፈታ በጦርነቱ ጊዜ ያየን ነን፤ «አይሆንም» ማለት አይቀናንም። ደግሜ ደጋግሜ ፈተሽኩት። አንድም ስንጥቅ አጣሁበት። ቤት ስገባ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወዲያው አልለቀውም፤ ትንሽ ቆየት እላለሁ።

እሱም ተለወጠ። በግድግዳው በኩል ሲያስተምር ይሰማኛል፤ «ጠመኔውን ብለቀው ይወድቃል፣ ኢንሻአላህ» ይላል። ተማሪዎቹ በሳቅ ይፈነዳሉ። ከዚያ በፊት ኢንሻአላህን ለነገ ቀጠሮ እንጂ ለጠመኔ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ወዲያውም ውርጌሳ ለጋብቻው ቀን ተቆርጦለት የነበረውን ኒካሁን አራዘመ። የልጅቱ ወገኖች ቢቆጡም ምክንያቱን አልነገራቸውም።

ሆዴ መግፋቱን ያየው ነጠላዬን ሳስተካክል ነው። «ማሻአላህ» አለ፤ ፊቱ ግን አመድ መሰለ። በማግስቱ ከሰዓት ጠርቶ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጻፈልኝና መካከል ላይ በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ። ትንሽ ስህተት ነበረባት። ይቺ መቀነስ መደመር ናት» አለኝ። አየሁት፤ መደመር ስትሆን የመጨረሻዋ ቁጥር በእርግጥም ዜሮ ትሆናለች። ወዲያው አጠፋው። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የሰው ሁሉ ስህተት ለቃሚዋ እኔ፣ ያቺን መስመር ደግሜ አልሠራኋትም። አልፈለግሁም። ድምፁ ብቻ የሆነ ቦታ የሰማሁት ድምፅ መሰለኝና ተውኩት።

ወልድያ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለድኩ። መርሳ ተመልሼ አራስ ቤት ሳለሁ ተማሪዎቼ ሊጠይቁኝ መጡ። አንዷ ልታስቀኝ ብላ የፊዚክሱን መምህር ቀዳች፤ ክንዷን ዘርግታ «ጠመኔው ይወድቃል፣ ኢንሻአላህ!» አለች። «ዛሬም እንደዚያ ይላል?» አልኳት። «ሁልጊዜ ነው እንጂ!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም። ስህተቱ ከተገኘ ይሄ ሰው ጠመኔውን እስካሁን ለምን ይፈራል?

ድምፁን የት እንደሰማሁት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አባቴ ወልድያ ያረፈ ጊዜ እኔ እዚሁ መርሳ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የአማርኛው መምህር፣ ሁላችን አንቱ የምንላቸው ሽማግሌ፣ በር ላይ ቆመው በዚያው ድምፅ «አባትሽ ትንሽ አሞት ነው» አሉኝ። ይዘውኝ ሲሄዱ ሲሪንቃ ላይ መኪናውን አስቁመው ምግብ አዘዙ፤ «መጀመሪያ ብዪ ልጄ» እያሉ በግድ አጎረሱኝ። መርዶው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነው የተነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው አስቀድሜ እንድበላ ከለመነኝ መርዶ ይዞ የመጣ ይመስለኛል። ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ደግሞ መርዶ ጨርሶ አይነገርም። ጎረቤቴ አራስ ሳለች ወንድሟ የሞተ ጊዜ የልጇ ክርስትና እስኪያልፍ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ስቆ ነው ያሳለፋት። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

የሰሌዳውን ሥራ በቃሌ ከመጀመሪያው ልሠራው ሞከርኩ። ያቺ መቀነስ ጋ ስደርስ ልጄ ታለቅሳለች፤ ትቼ አነሣታለሁ። አንዳንዴ ልቅሶዋን እጠብቀው ነበር። ሊጠይቀኝ አንድ ቀን መጣ፤ ልጅቷን አቀፈ፣ ዱዓ አደረገላት፣ ስለ ሰሌዳው አላነሣም። ሲወጣ ብቻ «ክርስትናዋ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ልጄ ክርስትና ተነሣች። ድግሱ አልፎ የተዋስነውን ወንበር በመለስን ማግስት፣ ገና ሳይነጋጋ በር ተንኳኳ። ባለቤቴ ከፈተ። የፊዚክሱ መምህር ነበር፤ ከኋላው የአማርኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

«ማነው የሞተው?» አለ ባለቤቴ።

«ማንም አልሞተም ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «እኔም ነገሩ አልገባኝም። እንዲህ ያለ ነገር ለብቻ አይነገርም ብሎ ቀሰቀሰኝ፣ መጣሁ።»

ገቡና ተቀመጡ። የፊዚክሱ መምህር ፊቴን ሊያይ አልቻለም።

«መቀነስ ናት አይደል?» አልኩት።

«አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለኝ። «ሌላም አለ። መቼነቱ...» ብሎ አቋረጠ። ልጄ ነቅታ ማልቀስ ጀምራለች። ወደ እሷ አየና፣ «መጀመሪያ አጥቢያት» አለ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ልጄን አንሥቼ ጡቴን ሰጠኋት። ሁልጊዜ ቶሎ ጠግባ ትተኛ ነበር፤ ያን ጠዋት እንዳትጠግብ እግዜርን ለመንኩት።