ከዘንገና ኮረብታ የጠፋው ድንጋይ

በየካቲት አጋማሽ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለው ኮረብታ፣ ከቅየሳ ምልክታችን አምስት እርምጃ ርቆ አንድ የመድፍ ጥይት ወደቀ። ሰውም ከብትም አልተጎዳም።

ሰዓቱን አሳምሬ የማውቀው መጻፍ ሥራዬ ስለነበር ነው። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገና ጋዜጠኛ አልሆንኩም፤ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለውን አገር ለመንገድ ሥራ በሚለካ ቡድን ውስጥ መዝጋቢ ነበርኩ። ቀያሹ በመነጽሩ አይቶ ቁጥር ሲጠራ እኔ ከነሰዓቱ እመዘግባለሁ። ልኬቱ ለግብር እንዳልሆነ ለየመንደሩ ሽማግሌ ማስረዳትም የእኔ ድርሻ ነበር። ሦስተኛችን የመለኪያ ሰንሰለት ያዡ ናቸው፤ የዚያው የዘንገና ገበሬ፣ በዕድሜ ለሁለታችንም አባት የሚሆኑ። “አያ” እንላቸው ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ ሆነን ወደ ዘንገናው ምልክት እናነጣጥር ነበር። ምልክቱ መሬት ውስጥ የተተከለ ድንጋይ ነው፤ ከሩቅ እንዲታይ በላዩ ነጭ ጨርቅ ያለው እንጨት አቁመናል። ቀያሹ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳይነቅል “ጨርቁ ጠፋ” አለኝ። የፍንዳታው ድምፅ የደረሰን ከዚያ በኋላ ነው።

ለልምምድ የመጣ የመድፈኛ ክፍል ከሐይቁ ወዲያ መስፈሩን እናውቅ ነበር። ስለሱ ሳንነጋገር የዋልንበት ቀን የለም። ቀያሹ ቀድሞ በሠራበት ቆላ አንድ የሳተ ጥይት አውድማ ላይ ወድቆ ሳይፈነዳ ቀርቶ፣ ባለቤቱ በሬ ሲያስርበት እንደከረመ አውርቶን ነበር። እኔ ይህን አላየሁም፤ የነገረኝ እሱ ነው። አያ ግን በሬው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ጠይቀው ብዙ ሳቁበት።

ከመድፉ ይልቅ የምናወራው ግን ስለ ሥራ ነበር። የእኔም የእሱም ውል በወሩ መጨረሻ ያልቃል። እኔ ለሦስት መሥሪያ ቤቶች ጽፌ አንዱም አልመለሰልኝም። እሱን ግን አዲስ አበባ ያለ አንድ የካርታ ክፍል በራሱ እጅ የተዘጋ፣ ማለትም መስመሮቹ ገጥመው ያለቀ፣ አንድ የልኬት ወረቀት ይዞ ሰኞ እንዲቀርብ ጠርቶታል። ደብዳቤውን በኮቱ ውስጠኛ ኪስ ይዞት ይዞራል። ወረቀቱ የሚዘጋው በዘንገናው ድንጋይ ላይ ነው፤ ከዳንግላ የመጣው መስመር ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ወርደን፣ ሸለቆውን ተሻግረን እዚያ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ከእኛ በፊት የመድፈኛው ክፍል መቶ አለቃ ከስምንት ወታደሮች ጋር ደርሷል። ሰውየው ጨዋ ነው። አቤቱታ ከመምጣቱ በፊት ስፍራውን አስተካክሉ ብሎ አዟቸው፣ ወታደሮቹ ጉድጓዱን ደፍነው፣ ያዘመመውን ድንጋይ ነቅለው ቁልቁል አንከባለውታል። ዙሪያውንም በአካፋ ደልድለውት እንደ ተዘጋጀ የችግኝ መደብ ለስልሷል። የትኛው አፈር የጥይቱ፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

መቶ አለቃው የዒላማቸው ምልክትም ነጭ ጨርቅ መሆኑን ነገረን። የእነሱ ጨርቅ ከእኛው በስተምሥራቅ ባለው ጉብታ ላይ ነበር። መድፈኛው ከሁለቱ የእኛን መረጠ።

“ታዲያ እኮ አልሳተም” አሉ አያ።

መቶ አለቃው ፈገግ አለ። ቀያሹ አልሳቀም። ካርታውን አፈሩ ላይ ዘርግቶ፣ ድንጋዩን በግምት እንደገና መትከል እንደማይችል፣ የአንድ ክንድ ስሕተት መስመሩን ሁሉ እንደሚያፋልሰው በዝግታ አስረዳን። እንደ አዲስ ለመለካት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ካርታውን አጥፎ ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ሳይከፍተው መልሶ ከተተው።

አያ ከአንድ ወታደር አካፋ ተቀበሉ።

“የድንጋዩን ቦታ ነው የምትፈልገው?”

“አዎ፣ አያ።”

“እንግዲያው ምን ያስቆዝምሃል? ከሰሉ አለ አይደል።”

ያኔ ትዝ አለኝ። ድንጋዩን የተከልን ዕለት አያ ከቤታቸው በቁና ከሰል ይዘው መጥተው፣ የጉድጓዱን ወለል በክንዳቸው ለክተው መሐሉ ላይ አፍስሰውት ነበር። እዚያ አገር የእርሻ ድንበር የሚተከለው እንዲህ ነው። ድንጋይ ጎረቤት ያነሳዋል፤ ከሰል ግን አይበሰብስም፣ ተቀብሮ ስለሚቀር የሚነካውም የለም። ቀያሹ ያን ዕለት “እኛ የምንለካው በመነጽር ነው እንጂ በምድጃ አይደለም” ብሏቸዋል። አያም “ግዴለም፣ ለኔ ይሁን” ብለው ነበር አፈሩን የመለሱት።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ መቆፈር ጀመሩ። አፈሩን በስሱ እየገፈፉ ሁለት ቦታ ሞክረው አጡ። በሦስተኛው፣ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ጥልቀት ላይ፣ ጥቁር ክብ ወጣ። ጥይቱ ከጎን ስለወደቀ አልደረሰበትም፤ ወታደሮቹም ድንጋዩን ነቅለው አፈር መለሱበት እንጂ ወለሉን አልነኩትም። ቀያሹ ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ጠረገ። የክቡን ወርድና ቁመት ለክቶ መሐሉ ላይ ሚስማር ተከለ።

“አያ፣ ይቅር ይበሉኝ” አለ።

“መነጽርህን አምጣ፣ ጀንበር ትሄዳለች” አሉት።

ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከሚስማሩ ላይ ሆኖ የቀድሞዎቹን ማዕዘኖች በሙሉ እንደገና አነበበ። እኔ ጻፍኩ። ልዩነቱ ከሚፈቀደው በታች ነበር። መቶ አለቃው ልምምዱን አስቁሞ ሁለት ወታደር አጠገባችን አቆመልን፤ ጨርቃችንንም በቀይ አስለወጠው። በማግሥቱ ቀያሹ እንጅባራ ሆኖ ሒሳቡን ጨርሶ ወረቀቱን ዘጋ። ቅዳሜ ጠዋት ቀያሹን አውቶቡስ ላይ ያሳፈርነው አያና እኔ ነን።

ከሰባት ዓመት በኋላ ለጋዜጣ ሥራ በሄድኩበት ሌላ ጠቅላይ ግዛት አንድ የቅየሳ መዝገብ ለማየት ተፈቀደልኝ። በየገጹ ግርጌ ያለው ፊርማ የእሱ ነው። “የምልክት ዓይነት” በሚለው ረድፍ፣ በአሥራ አራቱም ነጥቦች ትይዩ፣ “ድንጋይ፤ ከሥሩ ከሰል” ተብሎ ተጽፏል።