መምህር ያጣ ንባብ

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። ነበር ወይ? ማርያም መሆኗን አስታውሳለሁ፤ ስለ ማርያም ግማሹ ሠራተኛ አልመጣም። በወሩ ግን አልምልም። ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ስለነበር ከጥር አያልፍም፤ ታኅሣሥም ሊሆን ይችላል።

ከሚዛን ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ አንድ የቡና ማድረቂያ ለቤት የሚሆን ጀንፈል ልገዛ ሄጄ ነበር። በማድረቂያ አልጋዎቹ መካከል አንድ ቀጭን ሰው ቡናውን በመዳፉ እያገላበጠ ያነበንባል። ዳዊት የሚደግም መሰለኝ። ጠጋ ስል ግዕዝ አይደለም። ቤንችኛም ሸኮኛም አይደለም።

"አትስማው መምህር" አለችኝ ከወዲያኛው አልጋ የተበላሸ ፍሬ የምትለቅመው ንጋቷ። ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ ስለማስተምር ሁሉም የሚጠራኝ መምህር ብሎ ነው። "ከሕንድ ጂኒዎች ጋር ነው የሚያወራው። እኛንማ እንደምን አደራችሁ ካለን ቆየ።"

"ጂኒስ ይመልስ ነበር፣ እትዬ ንጋቷ" አለ ሰውየው ቀና ሳይል። "የኔው የሚመልስ የለውም።"

ኃይለሚካኤል ይባላል። ያን ጊዜ አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር። አባቱ መሪጌታ ተካ ከጎጃም መጥተው ሚዛን የቀሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ራሳቸው ፊደል አስቆጥረው፣ ንባብ አስጨርሰው፣ ዳዊት አስደግመው፣ ዜማ ሊያስጀምሩት ሲሉ ሞቱ። ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው ለቀማ፣ ጭነትና ማድረቂያ ነው።

"ዳዊቱን እንደ ውኃ ነው የምጠጣው" አለኝ ከተዋወቅን በኋላ አንድ ቀን። "ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ትርጓሜ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መጨረሻው ደግሞ አልመጣም።"

ዩኒቨርሲቲው በተከፈተ ሰሞን እናቱ እማማ አጸደ አንዷን ክፍል ለአንድ ሕንዳዊ መምህር አከራዩ። ሰውየው ጎህ ሲቀድ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ በቃሉ ይደግም ነበር። ኃይለሚካኤል ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቀው ሳንስክሪት ነው አለው፤ ልክ እንደ እናንተ ግዕዝ፣ ማንም ቤቱ የማያወራው፣ ብዙ የተጻፈበት ቋንቋ። ፊደሉን አስቆጠረው፤ ማንበብ አስጀመረው። ከዚያ ውሉ አለቀና በሁለት ቀን ውስጥ ሄደ። ትቶለት የሄደው አንድ መማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ግማሹ የእንግሊዝኛ ማብራሪያ፣ ግማሹ መቶ ሃምሳ ያህል ግጥም።

"የአባቴን ሳልጨርስ ቀረሁ" አለኝ። "ይኼን እንኳ ልጨርስ።"

ሌላ መማሪያ ፍለጋ ያልገባበት የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ረድኤት ኔትወርክ በተገኘ ቀን ስምንት መቶ ገጽ መዝገበ ቃላት አወረደችለት። ማተሙ ስለማይሞከር በፍላሽ ሰጠችው፤ ፍላሹን የሚከፍትበት ኮምፒውተር የለውም። በስልኩ ሜሞሪ የሦስት ሕንዳውያን ሽማግሌዎች ዜማ አስጭኖ ነበር፤ የሚሉት ከመጽሐፉ አይገጥምም። ፌስቡክ ላይ አንድ የሳንስክሪት ተማሪዎች ቡድን ውስጥ ገባ። በእንግሊዝኛና በሂንዲ ነው የሚያወሩት። ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ሲያያቸው ቆይቶ፣ ዝም ያለውን ሁሉ ሲያስወጡ አብሮ ወጣ።

"ከደጀ ሰላም ተባረርኩ" ብሎ ሳቀ።

ስለዚህ የሚያውቀውን መንገድ ያዘ። በአባቱ ቤት ንባብ ይቀድማል። ቃሉ ሳይረጋ ትርጉም የሚጠይቅ ተማሪ መልሱ ኩርኩም ነው። ኃይለሚካኤልም እንግሊዝኛውን ዘሎ ግጥሞቹን በቃሉ መያዝ ጀመረ፤ በቀን አንድ ስንኝ፣ ከአልጋ አልጋ እየዞረ፣ ዓመት ከዓመት። ሲጨርስ የሚያውቅ ሰው ፊት ቆሞ ይደግመዋል፤ ያ ሰው ያርመዋል፣ ይተረጉምለታል። ከዓለም የሚፈልገው ያንን ሰው ብቻ ነበር።

ግጥሞቹን በጨረሰ ዓመት፣ በ2009፣ ቴፒ አዲስ ሕንዳዊ መምህር መምጣቱን ሰማሁና ቀጠሮ ያዝኩለት። ነጠላውን አጥቦ መጣ። ሚኒባስ ውስጥ "ምን ብዬ ልጥራው?" አለኝ።

"በስሙ ነዋ።"

"ኧረ ነውር ነው። የኔታ ነው የምለው።"

የኔታው ሃያ ስምንት ዓመት የማይሞላው፣ ስለ ሞተር የሚያስተምር ትሑት ልጅ ነበር። ሻይ ቤት ተቀብሎን ሻይ አዘዘ። ኃይለሚካኤል አልተቀመጠም። ነጠላውን አደግድጎ ቆመና ጀመረ። የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞረ። ልጁ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ ስልኩን አስቀመጠ፤ ቀጥሎ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋበት። ሃያ ደቂቃ ያህል ታግሦ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀ።

"ምን አለ?" አለኝ ኃይለሚካኤል።

"የመጀመሪያው ግጥም ምን ማለት ነው ይልሃል።"

"እኔን?"

"አንተን።"

"እሱን እንዲነግረኝ አይደል እንዴ የመጣሁት?"

ተርጉሜ ስነግረው ልጁ አንገቱን ደፋ። ትምህርት ቤት ሳለ ሁለት ዓመት ለፈተና ብሎ ተምሮት እንደነበረ፣ ሁሉንም እንደረሳው ነገረኝ። አሁን ኢንተርኔት ላይ ነጻ ትምህርት ሞልቷል፤ ከመጀመሪያው፣ ከነትርጉሙ ይጀምር አለ። ይህንን ነገርኩት።

"ከመጀመሪያው?" አለ ኃይለሚካኤል። ሻዩን ቆሞ ጠጣና "እግዜር ይስጥልኝ የኔታ" አለው። ያቺን ቃል ለልጁ አልተረጎምኩለትም።

ስንመለስ ሸኮ ላይ ወደ እኔ ዞረ። "መምህር፣ አባቴ ቢቆዩ ኖሮ ዳዊቱን ይተረጉሙልኝ ነበር እል ነበር። አሁን ሳስበው እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም።"

"ኧረ ያውቁ ነበር" አልኩት። በምን አውቄ?

ከዚያ ወዲህ ማድረቂያው ላይ ድምፁ አልተሰማም። ንጋቷ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ "ምን አድርገህ መለስክብን? አሁን ነው የሚያስፈራው" አለችኝ።

ወራት ካለፉ በኋላ ነው የታየኝ። የመጽሐፉ ግማሽ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ተመርቄ እንግሊዝኛ የማስተምር ሰው ነኝ። ያንን መጽሐፍ ስንት ጊዜ በእጄ ይዤ አገላብጬዋለሁ። እሱ አልጠየቀኝም፤ በእሱ ሥርዓት ትርጉም ቋንቋውን ከሚያውቅ መምህር እንጂ ከመንገደኛ አይለመንም። እኔ ግን ማብራሪያውን ልተርጉምልህ ማለትን አላሰብኩትም። ይህን የመሰለ ሰው በከተማችን መኖሩ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከዚያ አላለፍኩም። ከታየኝም በኋላ ነገ ዛሬ እያልኩ ሁለት ዓመት አሳለፍኩ።

በ2012 መስከረም ሚዛን መናኸሪያ ውስጥ የማሻ አውቶቡስ መስኮት ላይ አየሁት። ጠጉሩ ነጥቷል። እናቱ በክረምቱ ማረፋቸውን ሰምቼ ነበር።

"መምህር! ማሻ ጥበቃ ተቀጠርኩ እኮ!" አለኝ ከላይ። "እዚህ ምን ቀረኝ?"

"ቆይማ፣ ኃይለሚካኤል፣ ስለ መጽሐፉ አንድ ነገር ልጠይቅህ ..."

ረዳቱ "ሞልቷል፣ ሳበው!" ብሎ የአውቶቡሱን ጎን መታ። ሞተሩ አጓራ። ኃይለሚካኤል መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ እንዳልሰማኝ በምልክት እያሳየኝ ሳለ አውቶቡሱ ከመናኸሪያው በር ወጣ።